ዝናብ ሲያባራ የሚጀመር ተረት

አባቴ በቡናው መጋዘን ውስጥ ከሚዛኑ ጎን ቆመው ነበር። ካቦ ግዛው በትልቁ በር ደፍ ላይ፣ አንድ እግሩ ውስጥ፣ አንድ እግሩ ውጭ። ጫልቱ በስተቀኝ ካለው የቆርቆሮ ግድግዳ ሥር ተቀምጣለች፤ ኑሪያ ከእሷ ቀጥላ። እማማ ብርቄ ብርሃን በሚገባበት በመስኮቱ ትይዩ ናቸው። የቀሩት ሴቶች ሰፌዳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። እኔ በሁለቱ ረድፍ መካከል በተገለበጠ ሣጥን ላይ ቆሜያለሁ። ሕፃናቱ ውጭ፣ ከግድግዳው ወዲያ ነበሩ። አይታዩም፤ ነገር ግን ስለ ነበሩ ከነበሩት ጋር እቆጥራቸዋለሁ።

ያን ቀን ማን የት እንደ ነበረ እስከ ዛሬ አልጠፋኝም። የቀረው ነገር ይመጣል፣ ይሄዳል።

ባለፈው በልግ ለዘመድ ለቅሶ ዲላ ሄጄ፣ በመንገድ ላይ ዝናብ ያዘኝና በአንድ የቡና መጋዘን ጥግ ተጠለልሁ። ከጀርባው የተቆለለው ገለባ ርሶ ይሸት ነበር። እርጥብ ገለባ እንደ ቡና አይሸትም፤ እንደ ከረመ ሣርና እንደ ኮመጠጠ ማር ነው። ዝናቡ ሲያባራ አብረውኝ የተጠለሉት ሰዎች ሁሉ ወጥተው ሄዱ። እኔ ቆየሁ። አንድ ሰው «በይ እንግዲህ» የሚለኝ መሰለኝ።

«በይ እንግዲህ» ባዩ የሠራተኞቹ አለቃ፣ ካቦ ግዛው ነበር።

ያን ዓመት አምስተኛ ክፍል ነበርሁ። የንጉሡ ሥዕል ከክፍላችን ሰሌዳ በላይ ተሰቅሎ ነበር፤ እኛም ጠዋት ጠዋት ለእሱ እጅ እንነሣ ነበር። አባቴ የሚሠሩት ወደ ይርጋጨፌ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለ የቡና መጋዘን፣ ሚዛን ላይ ነበር። ባለቤቱ የሚኖረው አዲስ አበባ ነው፤ እኔ አንድም ቀን አላየሁትም። ለእኔ መጋዘኑ የካቦ ግዛው ነበር። ቡናው ከፍስሐ ገነት፣ ከአሪቻ፣ ከዱመርሶ በጭነት መኪና ይመጣል፤ አጠገቡ ያለው መፈልፈያ ገለባውን ይለያል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የሴቶቹ ሥራ ነው። ጥቁሩን፣ ስባሪውን፣ ነቀዝ የበላውን፣ ጠጠሩን በጣታቸው እየለቀሙ ንጹሑን ያስቀራሉ። ቀኑን ሙሉ ኬሻ ላይ ተቀምጠው ነው የሚውሉት። ብናኙ ቅንድባቸው ላይ አርፎ ሁሉንም አሮጊት ያስመስላቸው ነበር።

የእኔ ሥራ የአባቴን ምግብ ማድረስ ነው። ዓቢይ ጾም ስለ ነበር አባቴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አይቀምሱም። ከትምህርት ቤት ስመለስ እናቴ ጎመኑንና ቆጮውን በጨርቅ ቋጥራ ታስይዘኛለች። አባቴ ከሚዛኑ ጀርባ ዞር ብለው፣ አማትበው፣ ሳይናገሩ ይበላሉ። ሳህኑን ይዤ ወዲያው መመለስ ነበረብኝ። ነገር ግን የበልግ ዝናብ አይለቅም፤ እስኪያባራ እጠብቃለሁ። ከሴቶቹ ጋር መዋል የጀመርሁት እንዲህ ነው።

ሕፃናት ወደ ውስጥ አይገቡም ነበር። የሚያጠቡት እናቶች ልጆቻቸውን ከመጋዘኑ ጀርባ፣ በግድግዳውና በገለባው ክምር መካከል፣ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ያስቀምጧቸዋል፤ ትንንሽ እኅቶቻቸው ይይዟቸዋል። ነፋስ ሲኖር ዝናቡ ከክፈፉ ሥር ይገባል። ጠዋት አንድ ጊዜ፣ ቀትር ላይ አንድ ጊዜ ወጥተው እንዲያጠቡ ይፈቀድላቸዋል። ከዚያ ውጭ የተነሣች ሴት ቦታዋን አጣች ማለት ነው፤ በማግሥቱ በሩ ላይ የሚጠብቁ ሌሎች ነበሩና።

ካቦ ግዛው ምክንያቱን ለጠየቀውም ላልጠየቀውም ይናገራል።

«ቡና ሽታ ይሰርቃል። ናፍጣ አጠገብ አስቀምጪው፣ ናፍጣ ይሆናል። ሽንኩርት አጠገብ አስቀምጪው፣ ሽንኩርት ይሆናል። እንግዲህ ገዢው ቀምሶ የሕፃን ሽንት ቢያገኝበት፣ እኔ ምን ልለው ነው? የጫልቱ ልጅ ነው ልበለው?»

ሴቶቹ ይስቁ ነበር። ነገሩም ውሸት አልነበረም። ቡና ሽታ ይሰርቃል።

ካቦ ግዛው ክፉ ሰው አይመስልም ነበር። ሰፊ ሰው ነው፤ ሳቁ ከሆዱ ይነሣል። ለእኔ ሁልጊዜ ከኪሱ ከረሜላ አይጠፋም። ጾም መሆኑን አስታውሶ «ይህ ቅቤ የለውም፤ የሚዛን ልጅ፣ አትፍሪ» ይለኛል።

ከሁሉ ይገርመኝ የነበረው የሴቶቹ ልብስ ነው። ዝናብ ሳይነካቸው፣ ቤት ውስጥ ተቀምጠው፣ የአንዳንዶቹ ቀሚስ ደረታቸው ላይ ሁለት ቦታ ይርስ ነበር። ጣሪያው ያፈስሳል ብዬ ቀና ብዬ ቀዳዳ ፈለግሁ። አላገኘሁም። እናቴን ብጠይቃት «ላብ ነው፤ ሥራ ይበዛባቸዋል» አለችኝ። እኔም ከባድ ሥራ የሚሠራ ሰው ደረቱን ያልበዋል ብዬ ያዝሁ። የአባቴ ሸሚዝ ግን ደረቅ ነበር፤ ስለዚህ የሚዛን ሥራ ቀላል ነው አልሁ።

ተረቱን ያስጀመረችኝ ኑሪያ ናት። ወላጆቿ ከጉራጌ አገር መጥተው ገበያው ዳር ሱቅ የነበራቸው፣ በኋላ የከሰሩ ናቸው። አፏ አያርፍም።

«አንቺ የሚዛን ልጅ፣ ቁጭ ብለሽ ከምታፈጪብን ትምህርት ቤት የተማርሽውን ንገሪን እንጂ!»

«ዛሬ የአፍሪካን ወንዞች ነው የተማርነው» አልኋት።

«ወንዝማ እዚህም አለን። ለገዳራን ለምን አላስተማሩሽም? ባለፈው ሳምንት ነጠላዬን የወሰደው እሱ ነው።»

ሁሉም ሳቁ። እኔም እልህ ያዘኝ መሰለኝ፣ «ለገዳራ ነጠላ ብቻ አይደለም የሚወስደው» ብዬ ጀመርሁ። አንዲት እናት ነበረች፤ ልብስ ስታጥብ ወንዙ ልጇን ወሰደባት፤ እሷም ልጇን ተከትላ ወደ ውኃው ሥር ወረደች አልሁ። ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። ከውኃው ሥር አንድ ትልቅ ቤት አገኘች። በሩ ላይ ዘበኛ አለ። «ልጄን ስጠኝ» ስትለው፣ ከቤቱ ውስጥ የተቆለለ ጥቁርና ነጭ ጠጠር አሳያት። «ጥቁሩን ከነጩ ለቅመሽ ስትጨርሺ ልጅሽን ይዘሽ ትሄጃለሽ» አላት። እሷም ተቀምጣ ትለቅም ጀመር። ሲመሽ ሊያልቅ ይደርሳል፤ ሲነጋ ክምሩ እንደ ነበረ ሆኖ ታገኘዋለች።

ዝናቡ አባርቶ ስለ ነበር ያን ዕለት በዚሁ ትቼ ሄድሁ። በማግሥቱ ስመጣ ገና ሳህኑን ሳላስቀምጥ «ጨረሰች?» አሉኝ።

«አልጨረሰችም።»

«ውይ! ምን ያለች ቀርፋፋ ናት» አለች ኑሪያ። «እኛ ጋ ብትመጣ ካቦ አንድ ቀን አያሳድራትም። ካቦ፣ ይሄ ዘበኛ አንተን አይመስልም?»

«እኔማ ሲመሽ እለቃችኋለሁ» አለ ካቦ ግዛው እየሳቀ። «በይ ቀጥዪ አንቺ። ይህች ልጅ ሬዲዮ ናት፤ ባትሪ የማትፈልግ ሬዲዮ!»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ ሬዲዮ ሆነ። ሣጥኑን ገልብጦ በሁለቱ ረድፍ መካከል ያስቀመጠልኝም እሱ ነው። ዝናብ በቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ምንም አይሰማም፤ አጠገብሽ ያለች ሴት ብትጮህ እንኳ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ነው የምታይው። ስለዚህ ሁላችንም እንጠብቃለን። ጣሪያው ዝም ሲል ካቦ ግዛው ከበሩ ላይ እጁን ያጨበጭባል። «በይ እንግዲህ፣ ሬዲዮ!»

ተረቴን ስለሚወድ ነው፣ ዝናቡ እስኪያባራ የሚቸኩለው፣ እል ነበር። በዚያ ዕድሜዬ የሚጠብቀኝ ትልቅ ሰው ሌላ አልነበረም። አባቴ ሚዛናቸውን ይዘው፣ ፊታቸውን ወደ ኬሻው አዙረው ይቆማሉ፤ ይስሙ አይስሙ አላውቅም ነበር።

መስማታቸውን ያወቅሁት ቤት ነው። አንድ ምሽት ዳዊታቸውን ሊደግሙ ሲቀመጡ፣ ቀና ሳይሉ «በጾም ሐሰት አይነገርም» አሉ።

«ተረት ሐሰት ነው እንዴ፣ አባባ?»

«የሆነ ነገር ነው?»

«አይ፣ አልሆነም።»

«እንግዲያ» አሉና ገጹን ገለጡ።

ፈራሁ። ጾሜን እየሻርሁ መሆኔን አመንሁ። በማግሥቱ ቁርስ አልበላም ብዬ እናቴን አስቸገርሁ፤ ሐሰቱን በረኃብ የማካክሰው መስሎኝ ነበር። መጋዘን ስደርስ ራሴ ይዞር ነበር። እማማ ብርቄ እጄን ያዙና ከጎናቸው አስቀመጡኝ።

እማማ ብርቄ የጌዴኦ ሴት ናቸው፤ ከከተማው በላይ ባለው ኮረብታ፣ እንሰት በከበበው ቤት ይኖራሉ። ባላቸው ሞተዋል፤ ልጆቻቸው አድገው ወጥተዋል። የወንጌል አማኝ ስለ ነበሩ ጠዋት ሰፌዱን ከማንሣታቸው በፊት አንገታቸውን ደፍተው በአገራቸው ቋንቋ ይጸልያሉ፤ ካቦ ግዛውም እስኪጨርሱ አይናገራቸውም። አማርኛን የተማሩት በገበያ ነው። ወንዱንም ሴቱንም «አንተ» ይላሉ፤ እኔም ከእሳቸው አፍ ሲወጣ እወደው ነበር።

«አንተ ልጅ፣ ለምን አልበላህም?»

ነገርኋቸው። ሰፌዳቸውን ነቅነቅ ነቅነቅ አደረጉ።

«እኔም ድሮ ተረት አውቅ ነበር» አሉ በኋላ። «ብዙ። ማታ ማታ እንሰት ስንፍቅ ስንነግር እናመሻለን፣ እናድራለን። ወንጌል ስቀበል ሰባኪው ‹የድሮውን ጣል› አለ። ጨሌውን ጣልኩ። ተረቱን አብሬ ጣልኩ።» የሚያወጡትን ጥቁር ፍሬ ወደ ጎን ወረወሩ። «ጨሌው አልናፈቀኝም።»

«ታዲያ የእኔን ለምን ይሰማሉ?»

«መናገር ነው የጣልኩት። መስማት ማን ከለከለ?» ብለው በአፍንጫቸው ሳቁ። ከዚያም ፊታቸው እንደ ገና ጸና። «ውሸት አንድ ነገር ይሸፍናል። ሌባ ይዋሻል፣ የሰረቀውን ይሸፍናል። የአንተ ተረት ምን ይሸፍናል? ምንም ካልሸፈነ ሂድ፣ ብላ።»

አሰብሁ። ምንም የሚሸፍን ነገር አላገኘሁበትም። ከእሳቸው ቆጮ ቆርሼ በላሁ።

በዚያው ሰሞን የጫልቱ ልጅ ማሳል ጀመረ። ጫልቱ ከጉጂ በኩል የመጣች፣ ዝምተኛ፣ ገና ልጅ እግር ሴት ነበረች። ልጇ ስድስት ወር ይሆነው ይሆናል። ሳሉ ደረቅ ነበር፤ መጨረሻው ላይ እንደ ፉጨት ያለ ድምፅ ነበረው። ቀትር ላይ ስታጠባው ደረቱ ወደ ውስጥ ገብቶ ሲወጣ አይቻለሁ። «ቤት አቆዪው እንጂ» ሲሏት «ከማን ጋር?» ነበር የምትለው። ከዚያ በፊት አንድ ልጅ በዚሁ ሳል ሞቶባት ነበር።

አንድ ቀን እናቴ ወጡን አዘገየችው፤ እኔም ዘግይቼ ደረስሁ። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር። መንገዱ ጭቃ ስለ ነበር በዋናው በር በኩል መዞር ትቼ በመጋዘኑ ጀርባ፣ በገለባው ክምር በኩል ሄድሁ። በዚያ በኩል ሄጄ አላውቅም ነበር። ትንንሾቹ ልጆች ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተው ቆመዋል፤ ሕፃናቱ ሁሉ ያለቅሳሉ። አንዱ ሲያቆም ሌላው ይቀበላል። ቆርቆሮው ስስ ነው፤ ከውስጥ የሰፌድ ድምፅ ሲንሿሿ ይሰማኛል። ከዚያ ሰፌዱ ቆመ። አንዱም አልተንሿሿም። ያን ጊዜ የካቦ ግዛው ድምፅ መጣ።

«ጋሽ ታደሰ፣ ይቺ ልጅህ የት ቀረች? እያቸው፤ ጆሯቸው ውጭ ሲሆን እጃቸው ይቆማል። ልጅህ ስታወራ ጆሯቸውን ትይዝልኝ ነበር።»

አባቴ ቢመልሱም ለእኔ አልተሰማኝም።

በዋናው በር ዞሬ ገባሁ። «መጣች! በይ እንግዲህ!» አለ። ሴቶቹ ሰፌዳቸውን ይዘው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ነበር። የጫልቱ ቀሚስ ደረቷ ላይ ርሷል። ኑሪያ ወደዚያ ማየቴን አይታ፣ ለቀልድ ባልሆነ ድምፅ፣ «ጡት ግድግዳ አያውቅም፣ ልጄ» አለችኝ። ያን ጊዜ ላብ አለመሆኑ ገባኝ። ጣሪያውም እንዳላፈሰሰ ገባኝ።

ሣጥኑ ላይ ወጣሁ። ምን እንዳወራሁ አላስታውስም። አወራሁ ግን፤ ሰፌዱም ተንሿሿ።

ማታ የምሄድበት አንድ ቦታ ብቻ ነበር። ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቆሜ፣ ግንቡን ተሳልሜ፣ የካቦ ግዛውን እግር ስበርልኝ ብዬ እግዚአብሔርን ለመንሁ። ቀኙን ይሁን ግራውን አልመረጥሁም። በማግሥቱ ስሄድ በሁለት እግሩ ቆሞ ከረሜላ ሰጠኝ።

ስለዚህ እኔው ልሰብረው አሰብሁ። ሣጥኑ ላይ ወጥቼ የወንዙን ዘበኛ አወደቅሁት። በራሱ ጠጠር አንሸራትቶት እግሩ ተሰበረ፤ እየጮኸ እንደ ሕፃን በአራት እግሩ ዳኸ አልሁ። ይህን ስናገር ካቦ ግዛውን ዓይን ዓይኑን እያየሁ ነበር። እንዲያፍር ጠበቅሁት። እሱ ግን ጭኑን እየመታ፣ እንባው እስኪመጣ ሳቀ።

«የእጁን አገኘ! እሰይ! ደግ አደረግሽው!»

ሴቶቹም ሳቁ። ጫልቱ እንኳ ሳቀች። ሳቁ ጋብ ሲል ከግድግዳው ወዲያ ያ ሳል ተሰማ፤ ካቦ ግዛውም ወዲያው «ከዚያስ?» አለ።

ያን ቀን ሥራ ሲለቀቅ ከእማማ ብርቄ ጋር እስከ ድልድዩ አብሬ ሄድሁ። የሰማሁትን ሁሉ ነገርኋቸው፤ የለመንሁትንም ጨምሬ። የእግሩን ነገር ስነግራቸው ቆም ብለው ሳቁ።

«አንተ ልጅ! ተሰብሮ ቢተኛ ሌላ ካቦ ይመጣል። እግር ያለው ካቦ መች ጠፋ?»

«ታዲያ እርስዎ ጠዋት ጠዋት ምን ብለው ነው የሚጸልዩት?»

«በሩን ክፈት እላለሁ።» ትንሽ ተራመዱ። «አልከፈተም። እኔ ልነሣ አልኩ። እኔ ብነሣ አሮጊቷ ልትሸና ነው ይላሉ፤ ማን ያየኛል? ልጅ የለኝ እዚያ። ጫልቱ ብቻዋን ብትነሣ ነገ ቦታዋ የሌላ ነው። አባትህ ቢናገር ሚዛኑ የሌላ ነው። ሁሉም አንድ ነገር አለው፣ ሁሉም አንድ ነገር ይፈራል። አንተስ? ምን አለህ?»

«ተረት ብቻ ነው ያለኝ።»

«እንግዲህ የሰጠህን ጠይቅ። ለምን ሰጠኸኝ በለው። እግር እግር አትበለው።»

«ተረቴኮ ይሸፍናል፣ እማማ። ልቅሶውን ይሸፍናል። ውሸት ነው ማለት ነው።»

ድልድዩ ላይ ለብዙ ጊዜ ውኃውን አዩ። ከዚያ ጀርባዬን መታ መታ አድርገው ወደ ኮረብታቸው ወጡ።

ጠየቅሁ። መልስ ሰማሁ ብዬ መጻፍ አልችልም። ሌሊት ሌሊት ያቺን ከውኃ ሥር ያለች ሴት አስባት ነበር፤ እንዴት እንደማወጣት አላውቅም። ግድግዳውን ላፍርሰው? ካቦ ግዛው ይስቃል። መልአክ ልላክላት? ሴቶቹ «አሜን» ብለው ይለቅማሉ። ምንም ባመጣ ያው ሰፌድ ማንሿሻ ነው። ያን ያህል ነው የታሰበኝ። የቀረው ሣጥኑ ላይ ቆሜ የመጣ ነው።

ሆሳዕና ሳምንት ሲቀረው ነበር። ከቀትር ጀምሮ ዝናብ ከነፋስ ጋር መጣ፤ ክፈፉ እንደማያስጥል ሁላችንም አውቀናል። ጫልቱ ሰፌዱን ይዛ ታየዋለች እንጂ አትለቅምም። ካቦ ግዛው በሩ ላይ ሆኖ ሰማዩን ያያል። እማማ ብርቄ ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር፤ ዝናቡ ስለሚጮኽ ምን እንደሚሉ አይሰማም። አባቴ ምግባቸውን አልነኩም።

ጣሪያው ዝም አለ።

«በይ እንግዲህ፣ ሬዲዮ!»

ሣጥኑ ላይ ወጣሁ። አንደኛው ሕፃን ልቅሶ ሲጀምር ሰማሁት፤ ድምፄን ከፍ አድርጌ ቀደምሁት።

«ሴትዮዋ ተቀምጣ ትለቅማለች» አልሁ። «ጥቁሩን ወዲህ፣ ነጩን ወዲያ። ዘበኛው በሩ ላይ ነው። ትለቅማለች፣ ትለቅማለች። ድንገት ከግድግዳው ወዲያ የልጇን ድምፅ ሰማች።»

እዚህ ላይ ዝም አልሁ።

መጀመሪያ ትንፋሽ የወሰድሁ መሰላቸው። ሰፌዱ ትንሽ ተንሿሽቶ ቆመ። የሕፃናቱ ልቅሶ ገባ፤ ከዚያ መካከል ያ ደረቅ ሳል፣ መጨረሻው ላይ ያለው ፉጨት። ጥርሴን ገጠምሁ።

«ከዚያስ?» አለ ካቦ ግዛው።

አልመለስሁም።

«ከዚያስ አልሁሽ! ምላስሽን ምን ያዘው?» እየሳቀ ነበር፤ ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ። «ጋሽ ታደሰ፣ ልጅህን አናግራት እንጂ!»

አባቴ አላናገሩኝም። ኑሪያ ካቦውንም እኔንም አላየችም፤ ጫልቱን ብቻ እያየች፣ ቀስ ብላ፣ «እውነት ግን፣ ከዚያስ ምን አደረገች?» አለች።

ጫልቱ ሰፌዷን መሬት አስቀመጠች። ቡናው አልፈሰሰም።

«ተነሣች» አለች።

ተነሥታም ወደ በሩ ሄደች። ካቦ ግዛው ክንዱን ዘረጋ። «አንቺ፣ የት? ሰዓቱ አይደለም!» እሷ በክንዱ ሥር ጎንበስ ብላ አለፈች። የመጋዘኑን ጎን ይዛ ስትሮጥ እግሯ በጭቃው ላይ ሲመታ ሰማን። ከዚያ ሌላዋ እናት ተነሣች፤ ከዚያ ሌላዋ። ልጅ የሌላት ኑሪያ ሳትቀር «እኔ ደግሞ የሰው ልጅ ላቅፍ» ብላ ወጣች። ጫልቱ ልጇን ቀሚሷ ውስጥ ከትታ ስትመለስ በሩ ላይ ሰው በዝቶ ነበር።

«ቡና ሽታ ይሰርቃል!» ይል ነበር ካቦ ግዛው። ቁጣ አልነበረም ድምፁ፤ ልመና ነበር የሚመስለው። «ኋላ ምን ልል ነው? እናንተ ሰዎች፣ ኋላ ምን ልል ነው?»

እማማ ብርቄ ብርሃኑ ያለበትን ቦታቸውን ለቀው ተነሡ። ኬሻቸውን እየጎተቱ ከቡናው ክምር ራቅ ያለውን ጥግ ጠረጉ፤ «እዚህ» አሉ። «ቡናው እዚያ፣ ልጆች እዚህ። ሽታው በእግሩ አይሄድ።»

«ጋሽ ታደሰ!» አለ ካቦ ግዛው። «በሩን ዝጋልኝ። ሌሎቹ ሳይገቡ በሩን ዝጋ!»

ከካቦ ግዛው ሌላ ለበሩ በጣም ቅርብ የነበሩት አባቴ ናቸው። መቀርቀሪያው እጃቸውን ቢዘረጉ ይደርሱበታል። ሁላችንም አየናቸው። አባቴ ሁለት እጃቸውን ሚዛኑ ላይ አደረጉ።

«ሚዛን ይዣለሁ» አሉ። «መልቀቅ አልችልም።»

ሚዛኑ ላይ ምንም አልነበረበትም።

ሴቶቹ ገቡ። እርጥብ ጨርቅ ሸተተ፤ ወተት ሸተተ። በዚያ ጥግ እየተጠጋጉ ተቀመጡና ቀሚሳቸውን ከፈቱ። ልቅሶው አንድ በአንድ ጠፋ። የጫልቱ ልጅ ሁለት ጊዜ ሳለና ጡቱን ያዘ። ከዚያ በኋላ መጋዘኑ ውስጥ የነበረውን ዝምታ የሰማሁት በዚያ ቀን ብቻ ነው፤ ዝናብም የለ፣ ልቅሶም የለ፣ ሰፌድም የለ፣ እኔም የለሁ።

ካቦ ግዛው ወደ እኔ ዞረ። ለብዙ ጊዜ አየኝ። ተረቱ ጥሎት እንደ ሄደ ሰው ያለ ነበር አስተያየቱ።

«ውረጂ» አለኝ። «ሁለተኛ እዚህ እንዳላይሽ። የአባትሽን ምግብ ሌላ ሰው ያምጣ።»

ከሣጥኑ ወረድሁ። በሁለቱ ረድፍ መካከል ሄድሁ። ኑሪያ የሰው ልጅ አቅፋ ታወዛውዛለች፤ እማማ ብርቄ በአዲሱ ቦታቸው፣ ጨለማው ውስጥ፣ ሰፌዳቸውን አንሥተዋል። ማንም ቀና አላለም። አባቴ ፊት ስደርስ እጃቸው ገና ሚዛኑ ላይ ነበር። ካቦ ግዛው ለማሳለፍ ትንሽ ዞር አለልኝ፤ እኔም በሩን አልፌ ወጣሁ።